የሌሊት ተረኛ፣ ፀሐይና ቡና

በሆሳዕና ከተማ በሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ጠዋት ወደ ቤቷ ስታመራ፣ ሁለት ነገሮች እንቅልፏን ይሻሙባታል፤ ፀሐይና ቡና።

የሰውነታችን ሰዓት የሚቃናው በተለይ ወደ ዓይን በሚገባው ሰማያዊ ብርሃን ነው። የክፍል መብራት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ሲሆን የጠራ ቀን የውጭ ብርሃን ግን ከ10,000 ሉክስ ይበልጣል። በመንገድ ባለ ጥላ ባርኔጣ፣ በመኝታ ቤትም ወፍራም መጋረጃ የሚጠቅሙት ስለዚህ ነው።

ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ጠዋት በ2 ሰዓት ከተጠጣው ቡና የካፌይኑ እኩሌታ በ7 ሰዓትም ገና አለ። ስለሆነም የጎረቤትን ቡና እንቢ ከማለት፣ ከእንቅልፍ በኋላ ወደ 10 ሰዓት ማዛወር ይበጃል። ለቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ለዚያ ቀን ተራ የሚለዋወጥ ባልደረባ ያስፈልጋል።