በቅጽ ቋንቋ የውጤት ካርድን በድግግሞሽ ስለ ማዘጋጀት

ሮስተር ተሞልቶ ካለቀ በኋላ የእያንዳንዱን ተማሪ የውጤት ካርድ በእጅ መገልበጥ ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ ለስሕተት የሚያጋልጥ ሥራ ነው። ኦስትሪያዊው አርሚን ሮናኸር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጂንጃ 2 የተባለው የቅጽ ቋንቋ ይህን ድካም ያቃልላል። የካርዱ ቅጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ስምና ነጥብ በሚገቡበት ስፍራ ተለዋዋጮቹ በድርብ ጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። «ፎር» በሚለው ቃል የሚጀምረውና «ኤንድፎር» በሚለው የሚዘጋው ድግግሞሽም ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ተማሪ እስከ መጨረሻው እየተከተለ ለየአንዳንዱ ካርዱን ይጽፋል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የጎደለ ነጥብ ነው። የአንድ ተማሪ የሒሳብ ውጤት ከመዝገቡ ጨርሶ ካልገባ፣ ቋንቋው በተለመደው አሠራሩ ምንም ሳያመለክት ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል። ሃምሳ ካርድ በአንድ ጊዜ ሲታተም ይህን ማን ልብ ይላል? ወላጅ እጅ የሚደርሰው ካርድ ልጁ ያልተፈተነ ያስመስላል። ስለሆነም «ስትሪክት አንዲፋይንድ» የተባለው ደንብ አስቀድሞ ቢታዘዝ፣ የጎደለ ተለዋዋጭ በተገኘበት ቦታ ሥራው ይቆማል፤ መምህሩም ይዘግይ እንጂ ወደ ሮስተሩ ተመልሶ ነጥቡን ይሞላል። ዜሮ ያገኘ ተማሪ በሁለቱም መንገድ ዜሮው ይጻፍለታል። የነጥቡ ሣጥን ኖሮ ውስጡ ባዶ ከሆነ ግን ደንቡ እንደ ተሞላ ይቆጥረዋልና፣ ሮስተሩን ከኅትመት በፊት በዓይን መመርመር አይቀርም።