የልብስ ሳሙናና የባክቴሪያ ኢንዛይም፦ ቤተ ሙከራ ለሌለው ክፍል የቀረበ ማብራሪያ

በሐይቅና በአምባሰል እንዶድ ወቅጦ ልብስ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር አረፋ እየሠራ ቅባትንና አቧራን ከጨርቅ ያላቅቃል። ደም፣ ወተት ወይም እንቁላል የነካው ልብስ ሲሆን ግን የእንዶድም ሆነ የተራ ሳሙና ጉልበት ይደክማል፤ እድፉ ፕሮቲን በመሆኑ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና። ዛሬ በገበያ ከሚሸጡት የዱቄት ሳሙናዎች አንዳንዶቹ ይህንኑ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይዘዋል። ይሁን እንጂ አጣቢዋ ዱቄቱን በፈላ ውኃ ስትበጠብጠው ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይበላሻል፤ እድፉም እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይረጋል። ተማሪው «ኢንዛይም በሙቀት ይበላሻል» ብሎ በፈተና ላይ ይመልሳል፤ እቤቱ ገብቶ ግን ይህን ለእናቱ አይነግራትም። ጉድለቱ የተማሪው ሳይሆን የእኛ የአቀራረብ ጉድለት ይመስለኛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ሮም እ.ኤ.አ. በ1913 ከእንስሳት ቆሽት የተገኘ ኢንዛይም ለልብስ ማጠቢያ እንዲውል አድርጎ ነበር። ነገር ግን ያ ኢንዛይም የሳሙናን ብርቱ አልካሊነት በሚገባ አይቋቋምም። መፍትሔው የተገኘው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሲለስ ከተባሉ ባክቴሪያዎች ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን የሚፈጩት ከአካላቸው ውጭ ስለሆነ ኢንዛይሙን ወደ አካባቢያቸው ይለቁታል፤ ፋብሪካውም በታላላቅ ጋኖች እያራባ ፈሳሹን አጥልሎ ይወስዳል።

በአልካሊ ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም በአልካሊ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ቢፈለግ ተገቢ ነው። የሐይቅ ውኃ ጨዋማ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆዎቹ አብጃታና ሻላ ግን የሶዳ ሐይቆች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ አልካሊ ወዳድ ባክቴሪያዎችን ለይተው አውጥተዋል። ከእነዚሁ ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑት አማረ ገሠሠ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አልካሊ ወዳድ ባሲለስ በኑግ ፋጉሎ ላይ እየተመገበ ይህን ኢንዛይም በርካሽ ሊያመርት እንደሚችል አሳይተዋል። ፋጉሎን የከብት መኖ ብቻ አድርጎ ለሚያውቅ የገበሬ ልጅ ይህ ምሳሌ ከማናቸውም ሥዕል ይበልጣል።

ለማሳየት ሦስት ብርጭቆና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። መምህሩ የእንቁላሉን ነጭ ክፍል በስሱ ቆርጦ በሦስቱም ውስጥ ያኑር። በአንደኛው ለብ ያለ ውኃ ብቻ፣ በሁለተኛው በለብታ ውኃ የተበጠበጠ ባለ ኢንዛይም ሳሙና፣ በሦስተኛው ደግሞ በሚገባ ከፈላ በኋላ የቀዘቀዘ ያው ብጥብጥ ይጨመር። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የቁራጮቹ ጠርዝ ይነጻጸር። ከማሸጊያው ላይ «ኢንዛይም» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው። ዱቄቱን ተማሪዎች እንዳያቦኑት ይጠንቀቁ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የኢንዛይሙ ብናኝ በሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አስም አስከትሎ ስለነበር ነው ከዚያ ወዲህ በተሸፈነ እንክብል መልክ የሚዘጋጀው።

ጋቢ ከጥጥ ስለሚሠራ ፕሮቲን ቆራጩ ኢንዛይም አይነካውም። በርኖስና ባና ግን የበግ ጠጉር ናቸው። በዚህ ሳሙና ተዘፍዝፈው ማደር የማይገባቸው ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ቢተውላቸው ይመረጣል።