አርባ ቀን ያልሞላው ሕፃን በቍጥር መዝገብ፤ በቢቸናና በሞጣ ስለሚደረግ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ርዳታ የአጋማሽ ግምገማ

ከደጀን ተነሥቶ በምሥራቅ ጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ቢቸናና ሞጣ ይገኛሉ። ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ምድር ላይ የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። የዙሪያቸው ሕዝብ በጤፍ እርሻ የሚተዳደር ሲሆን አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ ነው፤ በሞጣ ከተማ ግን ብዙ ዘመን የኖሩ ሙስሊሞችም አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር አንድ ነው። ይኸውም በእንዲህ ያለ አገር የሚካሄድ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ርዳታ እኩሌታ ዘመኑን በፈጸመ ጊዜ በምን ቍጥር እንደሚመዘን፣ የአገሩ ልማድስ ያንን ቍጥር ምን እንደሚያደርገው ነው።

እንደሚታወቀው የአራት ወይም የአምስት ዓመት ዕድሜ የተወሰነለት የርዳታ ሥራ ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ሲጀመር፣ ሲጋመስና ሲያልቅ። ከሦስቱ የሚበልጠው የመካከለኛው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የመጨረሻው ለታሪክ ይጻፋል፤ የአጋማሹ ግን የቀረው ገንዘብ ይለቀቅ ወይስ ይያዝ፣ ሥራው በጀመረበት መንገድ ይቀጥል ወይስ ይለወጥ የሚለውን ይወስናል። ገምጋሚው በአገሩ የሚቈየው ጥቂት ሳምንት ስለሆነ የሚደገፈው አስቀድሞ በተጻፈ መዝገብ ላይ ነው። ስንት ነፍሰ ጡሮች ለክትትል መጡ፣ ስንቶቹ በጤና ጣቢያ ወለዱ፣ ስንት ሕፃናት ተከተቡ፣ ስንት ሞቱ ብሎ ይጠይቃል።

በአገር አቀፉ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆነ። ለዚህ ዕድገት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ የወረዳ አምቡላንስና የእናቶች ማቆያ ቤት ድርሻ አላቸው። የወላድ ገንፎ በጤና ጣቢያ እንዲገነፋ መደረጉንም መርሳት አይገባም፤ ልማዱን ያወቀ ሰው ያሰበው ዘዴ ነውና።

የሕፃናቱን ሞት ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናያለን። ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ወርደዋል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ደግሞ ከ49 ወደ 29 ወረዱ። ሁለቱም ቀንሰዋል፤ ነገር ግን በፊት ከጠቅላላው ሞት ሢሶ ያልሞላ የነበረው የመጀመሪያው ወር ሞት አሁን ከመቶ ከ40 በላይ ይዟል። በአማራ ክልል በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት የተገኘው የመጀመሪያ ወር ሞት ከ1,000 47 ሲሆን ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ የሚሠራ የርዳታ ሥራ ዋና ጠላቱ ይህ ወር ነው። የአገሩ ልማድ ከውጭ ሰው ዓይን የሚሰውረውም ይህንኑ ወር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምጥ ሲይዛት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጠናሉ። ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ ቅድስት ማርያምም ከአራሷ ጋር ትሰነብታለች ተብሎ ይታመናል። አራሷ ከቤት አትወጣም፤ ሕፃኑም ለብዙ ሰው አይታይም፣ ቡዳና መጋኛ ይፈራለታልና። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የክርስትና ስሙን የሚያገኘው፣ ከማኅበረ ምእመናን የሚቈጠረው፣ በደብሩም የሚታወቀው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

እንግዲህ ሕፃኑ ከዚያ ቀን በፊት ቢሞትስ? ሥርዓቱ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም የያዘው ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። ነገር ግን በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት አራት ሕፃናት ሦስቱ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ብዙዎቹም ካህን ሳይደርስ በሌሊት ያልፋሉ። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ፍትሐት አይደረግም። ዕድር አይጠራም፣ ድንኳን አይተከልም። በአማራ ገጠር በብዙ ቤት እንዲህ ያለው ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ፣ ብዙ ጊዜም በጓሮ ይቀበራል። እናቲቱ ደረቷን እንድትደቃ አይፈቀድላትም፤ «ሌላ ይሰጥሻል» ተብላ ትጽናናለች። የሞት ወሬ ከመንደር ወደ መንደር፣ ከመንደርም ወደ ቢሮ የሚሄደው በለቅሶ አማካይነት ነውና ለቅሶ የሌለው ሞት በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

በዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ይጨመርበታል። ጠያቂው «ስንት ልጆች አሉሽ?» ቢል የሚነገረው በሕይወት ያሉት ቍጥር ነው። «ስንት ወልደሻል?» ቢልም ብዙዎቹ የሚቈጥሩት ክርስትና የተነሡትን ነው። ሞቶ የተወለደውና ተወልዶ ጥቂት ተንፍሶ የሞተው ሁለቱም በአንድ ቃል «ወጣባት» ወይም «ጨነገፈባት» ተብለው ሲታለፉ ይሰማል። ለሐኪሙ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ለሁለተኛው ምናልባት የትንፋሽ ርዳታ ይበቃው ነበር። ደግሞም ልጅ በተከታታይ የሞተባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሏታል፤ ስለዚህም ሦስተኛውን ሞት የምትናገር ሴት ጥቂት ናት።

አንድ ነገር በመንገዳችን እናንሣ። ቃል የሸሸገውን አንዳንድ ጊዜ ስም ይገልጠዋል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት የጠፋ ሰው እንዳለ ያመለክታሉ። የጠፋው አባት ወይም ወንድም ሊሆን ስለሚችል ስሙን ብቻ ይዞ መቍጠር አይገባም፤ ነገር ግን ጥያቄን ከየት መጀመር እንደሚቻል ያሳያል።

የ40ና የ80 ቀን ልዩነት ደግሞ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የሐኪሞቹ የመጀመሪያ ወር 28 ቀን ስለሆነ ለወንዱም ለሴቷም ከክርስትና በፊት ያለቀ ጊዜ ነው። ከ40 እስከ 80 ባለው ቀን ውስጥ ግን የወንዱ ሞት በለቅሶ ይሰማል፣ የሴቷ ሞት በዝምታ ያልፋል። በመዝገብ ላይ የሴቶቹ ሞት ቢያንስ በእውነት ያነሰ ነው ለማለት የማይቻለው ስለዚህ ነው። በሞጣ ሙስሊሞች ዘንድ ሕፃኑ ስም የሚያገኘው በሰባተኛው ቀን ስለሆነ የሁለቱን ወገን መዝገብ ሳይለዩ መደመርም ያሳስታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ለገምጋሚው ከባድ ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል በሐሳብ እንውሰድ። ሥራው ሲጀመር ከ1,000 ሕፃናት 40 ይሞታሉ እንበል፤ ከእነዚህ የሚነገሩት 15 ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እናቶች በጤና ጣቢያ መውለድ ይጀምራሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ወደ አራሷ ቤት ትገባለች። የሚሞቱት ወደ 32 ይወርዳሉ፤ ከ32ቱ ግን 28ቱ ይታወቃሉ። በእውነት ስምንት ነፍስ ተርፏል፤ በወረቀት ግን ሞት በእጥፍ ሊጨምር ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ ወረቀት የሚፈርድ ሰው መልካም የሠራውን ይቀጣል። በአንጻሩ ሠራተኞቹ ወደ አራሷ ቤት ያልገቡበት ቀበሌ ሞት የሌለበት መስሎ ይመሰገናል። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩ እናቶች ከመቶ 17 ብቻ እንደነበሩ ስናስታውስ ይህ ተራ ሥጋት አለመሆኑን እንረዳለን።

አካፋዩም ቢሆን ጽኑ አይደለም። የወረዳው የሚጠበቁ ነፍሰ ጡሮች ብዛት የሚገኘው የሕዝቡን ቍጥር በተወሰነ መቶኛ በማባዛት ነው፤ የሕዝቡ ቍጥር ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቆጠራ በግምት እየተሳበ የመጣ ነው። ከመቶ ከ100 በላይ የሆነ ክትባት አንዳንዴ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ገምጋሚው ቤት ለቤት ልቍጠር ቢል ደግሞ ሌላ ትዝታ ይቀድመዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ለግመታ የመጡትን ሹማምንት ከሁሉ ይልቅ የተቃወሙት የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬዎች ነበሩ። ነገሩ ወደ ጦርነት ደርሶ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተዋል። በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ድልድል ደግሞ «ቤተ ሰብህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ሆኖ መጣ። እንግዲህ ወረቀት ይዞ ስለ ልጅ ብዛት የሚጠይቅ እንግዳ የሚሰማው መልስ የታሰበበት መልስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ውጊያም የሰውን ጥንቃቄ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አልሆነም።

በእኛ አስተያየት መቍጠር የሚገባው ከሞት ሳይሆን ከእርግዝና ጀምሮ ነው። በስድስተኛው ወር የተመዘገበች እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር እስከ 80ኛው ቀን ትከተላለች፤ የእርግዝናዋ ፍጻሜ ምን እንደሆነ ሳይጻፍ ስሟ አይዘጋም። እናቲቱን በሐዘኗ ላይ ደጋግሞ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ገንፎውን ያገነፋችው ጎረቤት፣ እትብቱን የቈረጠችው የልምድ አዋላጅ ያውቃሉ። የሚጠይቀውም የአካባቢዋ ልጅ የሆነች ሴት ብትሆን ይመረጣል። «ወጣባት» የተባለ ሁሉ «አለቀሰ? ተነፈሰ? ስንት ቀን ቈየ?» ተብሎ ይለያል። ከዚያም በፊት ያልታወቁና አሁን የታወቁ ሞቶች በሪፖርቱ ላይ ለየብቻ ይጻፋሉ እንጂ አይደመሩም።

የጉዞውም ወራት ይታሰብበት። ገምጋሚዎች ዘወትር የሚመጡት መንገዱ በደረቀ ጊዜ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ነው፤ ያን ጊዜ አምቡላንሱ እንደ ልቡ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ የእነማይ ጥቍር መረሬ አፈር መኪና አያሳልፍም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ፣ በወጣቶች ትከሻ ትወጣለች፣ ወይም እቤቷ ትቀራለች። ስለዚህ በየካቲት የመጣ ገምጋሚ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስላለፈው ሐምሌና ነሐሴ ወላዶች ነው፤ በየካቲት ከእነርሱ የተወለዱት ሴቶች ልጆች ሁሉ 80 ቀናቸውን አልፈዋልና።