የራስን ዲግሪ ለመንደፍ ስታመለክቱ

በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ጋላቲን ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪው የሚያጠናውን ዘርፍ ራሱ እንዲቀርጽ ያደርጋል። ለመመረቅም ራሱ በመረጣቸው መጻሕፍት ላይ ከመምህራን ጋር የቃል ፈተና ይቀመጣል።

በአማካሪነት ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ችግር አንድ ነው፦ የማመልከቻው ድርሰት የፍላጎት ዝርዝር ይሆናል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ "ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና ግብርና እወዳለሁ" ብላ ጽፋ መጣች። "ሦስቱ አንድ ላይ ለምን?" አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ ይርጋጨፌ ስላለው የአያቷ የቡና ማሳ አጫወተችኝ፤ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ባየች ቁጥር "አያቴ ጋ የሚደርሰው ስንቱ ነው?" እያለች ትብሰለሰላለች።

ድርሰትሽ ይኸው፣ አልኳት! ሦስቱም ትምህርቶች በዚህ ጥያቄ ሥር ቦታቸውን ያገኛሉ። የጥናት ዘርፉ ዝርዝር ዕቅድ ጋላቲን ውስጥ ሁለተኛው ዓመት ሲገባደድ ይጻፋል፤ ስለዚህ አሁን ሁሉን እንዳወቃችሁ አታስመስሉ። ከኮርስ ካታሎጉ ግን ለጥያቄያችሁ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ኮርሶች ፈልጉ።

ወላጆች፣ ዲግሪው ያው ባችለር ኦፍ አርትስ ነው። ሕክምና የሚያስብ ልጅ ካላችሁ ግን የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ኮርሶቹን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ዕቅዱ ውስጥ ያስገባ።