አንድ መስኮት፣ ስንት ቁልፍ?

ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይገባል። ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ወረቀቱም የራሱ ጉዞ አለው፤ የባንክ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ መድኃኒት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሁንታ፣ ከዚያ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን። የደሴ ነጋዴ ለአንድ ማኅተም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ ድረስ መውረዱ የተለመደ ነበር።

በጥር 2012 ዓ.ም በይፋ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የተዘረጋው ይህን ምልልስ ለማስቀረት ነው። ነጋዴው ሰነዱን አንድ ጊዜ ያስገባል፤ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች በየቢሯቸው ሆነው ያንኑ ሰነድ ያያሉ። ሲመረቅ የተነገረው ግብ 44 ቀን ይፈጅ የነበረውን ሥራ መጀመሪያ ወደ 13፣ በኋላም ወደ 3 ቀን ማውረድ ነበር። ሲንጋፖር በ1989 እ.ኤ.አ. ትሬድኔት የተባለውን የንግድ ሰነድ ሥርዓቷን ስትጀምር የሄደችበት መንገድም ይኸው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መግቢያው ነው። አስመጪ ብቻውን አይሠራም፤ የሒሳብ ሠራተኛ አለው፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣለት ትራንዚተር አለው። ፖርታል ለድርጅቱ አንድ መለያ ስምና አንድ ፓስወርድ ብቻ ከሰጠ፣ ፓስወርዱ በቴሌግራም ከእጅ እጅ ይዞራል። የሒሳብ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። የተሳሳተ ዋጋ ቢመዘገብ ደግሞ ማን እንደሞላው አይለይም፤ ተጠያቂው ባለቤቱ ይሆናል።

መፍትሔው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ውክልና የሚሰጥ ሰው ተወካዩ ምን ማድረግ እንደሚችል በዝርዝር ያጽፋል፤ ሲፈልግም ይሽረዋል። ፖርታልም እንዲሁ መሆን አለበት። እያንዳንዱ በራሱ ስም ይግባ፤ የሒሳብ ሠራተኛው ያዘጋጅ፣ ባለቤቱ ያጽድቅ፣ ትራንዚተሩ የተሰጠውን ጭነት ብቻ ይይ። ውክልናውን መስጠትም መሻርም የደቂቃ ሥራ ይሁን። ደብዳቤና ቀጠሮ ከጠየቀ፣ ሰው ዕቃው ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረበት አይጠብቅም፤ ፓስወርዱን ይሰጣል። ስለዚህ ቅለትና ደኅንነት ተቃራኒ ናቸው የሚለውን አልቀበልም።

ፓስወርድን በየወሩ ማስቀየርም አይረዳም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ መሰረቁ ሳይታወቅ በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ሰው የድሮው ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ያልፋልና።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ስም። መሐመድ በላቲን ፊደል ንግድ ፈቃዱ ላይ በአንድ መልክ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ መልክ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩም ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ የአባት ስም ይግባ የአያት፣ እያንዳንዱ በመሰለው ይሞላል። ማንነትን በፊደል ሳይሆን በቁጥር ማሰር ይህን ያቃልላል፤ ለድርጅቱ 10 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ለግለሰቡ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር።

የቀሩት ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነጋዴውን በየቀኑ የሚያደክሙት ግን እነርሱ ናቸው። ኔትወርክ ሲቋረጥ የተሞላው ቅጽ አይጥፋ። የቀን መሙያው ጳጉሜን ይወቅ። ቅጹ ውድቅ ሲሆን የትኛው መስመር ላይ ምን እንደጎደለ በአማርኛ ይንገር።