የበዓል አኒሜሽን ፊልም ለሕፃናት መመጠኑ በምን ይታወቃል?

በአሜሪካ ኤን ቢ ሲ የተሰኘው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 6 ቀን 1964 ለገና በዓል የተዘጋጀ አንድ የአሻንጉሊት አኒሜሽን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ አሰራጨ። ፊልሙ አፍንጫው ቀይ በመሆኑ እኩዮቹ የሚሳለቁበትን "ሩዶልፍ" የተባለ የአጋዘን ግልገል ታሪክ የሚተርክ ነው። ሩዶልፍ በስደት ጉዞው እንከን ስላለባቸው ማንም ልጅ የማይፈልጋቸው አሻንጉሊቶች የሚኖሩበትን ደሴት ያገኛል። የገና አባት እንዲደርስላቸው እንደሚያደርግም ቃል ይገባላቸዋል። ፊልሙ ግን ቃሉ ሲፈጸም ሳያሳይ አበቃ። ተመልካቾች ቅሬታቸውን በማሰማታቸው አዘጋጆቹ በተከታዩ ዓመት የገና አባት አሻንጉሊቶቹን ሊወስዳቸው ሲመጣ የሚያሳይ ትዕይንት ጨምረው ፊልሙን በድጋሚ አቅርበዋል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ጥርሱን የሚያገጥጥ ግዙፍ የበረዶ ጭራቅ አለ። አንድ ወላጅ ፊልሙን አስቀድሞ ቢመለከት በቅድሚያ የሚያሳስበው ይኸው ጭራቅ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ለትዕይንቱ መጨመር ምክንያት የሆኑት ግን ተረስተው የቀሩት አሻንጉሊቶች ናቸው። አዋቂው ለሕፃኑ የሚፈራለት ነገርና ሕፃኑን በእርግጥ የሚያስጨንቀው ነገር ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የበዓል ሰሞን ፊልሞች ከሌሎቹ የተለየ አመኔታ ይሰጣቸዋል። ቤተሰቡ በዝግጅት ተጠምዶ ሳለ ሕፃናቱ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፤ ካርቱን ከሆነ ደግሞ "የልጆች ነው" ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና አኒሜሽን የአሠራር ዘዴ እንጂ የዕድሜ መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1993 የወጣውና ገናን ከአፅሞችና ከጭራቆች ከተማ ጋር ያገናኘው "ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ" ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው። በፊልሙ ሕፃናት የስጦታ ሣጥን ሲከፍቱ የሚያገኙት የሚያስደነግጥ ነገር ነው። በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃም "ፒጂ"፣ ማለትም ወላጆች ሊያስቡበት የሚገባ የሚል ነው።

የደረጃ ምልክቶቹ ራሳቸው ምን ያህል እንደሚናገሩ ማወቅ ይበጃል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ደረጃ አሰጣጥ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ ሲሆን፣ "ቲቪ-ዋይ" ለሁሉም ሕፃናት፣ "ቲቪ-ዋይ7" ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ "ቲቪ-ጂ" ደግሞ ለጠቅላላው ተመልካች የሚሉ ምልክቶችን ይዟል። አብዛኛው ወላጅ ልብ የማይለው ጉዳይ ግን ደረጃውን የሚሰጡት ፕሮግራሙን የሚያሰራጩት ተቋማት መሆናቸው ነው። ከዚህም ሌላ "ለጠቅላላ ተመልካች" ማለት ነውር የሆነ ነገር የለበትም ማለት እንጂ የሦስት ዓመት ሕፃን ይረዳዋል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ያለው የፊልም ደረጃ መዳቢ ቦርድ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። "ዩ" የተሰኘው የመጨረሻው ለዘብተኛ ደረጃ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕፃናት ተስማሚ መሆን እንዳለበት ይገልጽና፣ አንድን የተወሰነ ሕፃን ምን እንደሚረብሸው አስቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል ያሳስባል።

ሕፃናት በቴሌቪዥን ስለሚፈሩት ነገር ለረጅም ዓመታት ያጠኑት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆአን ካንተር ናቸው። ተመራማሪዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጓቸው ጥናቶች ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት ገጸ ባሕርይን የሚመዝኑት ከሥራው ይልቅ በመልኩ መሆኑን አሳይተዋል። መልከ ጥፉዋን ደግ አሮጊት ይፈራሉ፤ መልከ መልካሟን ክፉ ያምናሉ። ደግ ሰው ወደ አስፈሪ መልክ ሲለወጥ ማየትም፣ ታሪኩ በመልካም ቢያልቅም እንኳ፣ ለትንንሾቹ ከባድ ነው። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ጭራቁን አይቶ ይስቃል፤ የሚያስፈራው ሊደርስ የሚችል እውነተኛ አደጋ ይሆናል።

ከዚህ አንፃር ሁለት የታወቁ ሥራዎችን ማነጻጸር ይቻላል። "ግሪንች" የተባለው አረንጓዴ ፍጡር የአንድን መንደር ስጦታ ሁሉ በሌሊት ሲሰርቅ የሚያሳየውና እ.ኤ.አ በ1966 በሲ ቢ ኤስ የቀረበው ፊልም በፊት ገጽታው አስፈሪ ነው። ሆኖም ግሪንች የሰረቀውን ይመልሳል፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋርም ማዕድ ይቀርባል። ፍርሃቱ በዚያው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል። እ.ኤ.አ በ1982 በእንግሊዙ ቻናል ፎር የታየው "ዘ ስኖውማን" በአንጻሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለስላሳ ነው፤ ከአንድ መዝሙር በቀር በታሪኩ ውስጥ ንግግር የለበትም። አንድ ልጅ ከበረዶ የሠራው ሰው ነፍስ ዘርቶ አብሮት በሰማይ ይበራል። በማግስቱ ልጁ ሲነቃ በረዶው ቀልጦ ኮፍያውና የአንገት ልብሱ ብቻ መሬት ላይ ቀርተው ያገኛል። ፊልሙም በዚያው ያበቃል። ጭራቅ የለም፣ ስድብ የለም፣ ነገር ግን ሞት አለ። በቅርቡ አያቱን ላጣ የአምስት ዓመት ሕፃን ከግሪንች ይልቅ ይህኛው ሊከብድ ይችላል። ይህ ማለት ፊልሙ ይከልከል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ሕፃኑ ብቻውን አይየው ማለት ነው።

የሩዶልፍን ፊልም በተመለከተ አንድ ሌላ ነጥብም ማንሳት ያስፈልጋል። የግልገሉ አባት በልጁ አፍንጫ አፍሮ በጭቃ ሊሸፍነው ሲሞክር ይታያል፤ አሠልጣኙም ሌሎቹ ግልገሎች አብረውት እንዳይጫወቱ ያዛል። ተቀባይነት የሚያገኘው አፍንጫው በጭጋግ ውስጥ መንገድ ለማብራት በጠቀመ ጊዜ ነው። የተለየ ሆኖ የተፈጠረ ሰው የሚከበረው ሲጠቅም ብቻ ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ወላጁ መልስ ማዘጋጀት አለበት።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለ። ፊልሞቹ የሚጎርፉት ከዲሴምበር 25 በፊት ሲሆን፣ ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ተዋህዶ ቤተሰቦች በዚያን ጊዜ ጾም ላይ ናቸው፤ የእነርሱ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው። ስጦታ ለደግ ልጅ ብቻ እንደሚመጣ ከፊልሙ የተማረ ሕፃን በዲሴምበር 25 ጠዋት ምንም ባያገኝ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሊቆጥር ይችላል። ስለ ቀን አቆጣጠሩ ልዩነት አስቀድሞ መንገር ይህን ያስቀራል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 17 ሕፃናትን ለደኅንነታቸው ጎጂ ከሆነ መረጃ ለመጠበቅ የሚያስችሉ መመሪያዎች እንዲወጡ ያበረታታል። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም የሕፃኑ ደኅንነት በቅድሚያ እንዲታሰብ ይደነግጋል። በዚህ ዘርፍ ለሚሠሩ ኃላፊዎች እነዚህ ድንጋጌዎች የሥራ መነሻ ናቸው። ሆኖም የትኛውም መመሪያ ከአንድ ሕፃን አጠገብ አይቀመጥም።

በተግባር ከተጠቀሱት ፊልሞች ግሪንችና ስኖውማን ከግማሽ ሰዓት ስለማይበልጡ ወላጅ አስቀድሞ ሊያያቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሕፃናት የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ አመልክቷል፤ ስለዚህ በበዓል ቀን ፊልም በፊልም ላይ መደራረብ አይመከርም። ሕፃኑ ከደነገጠ "እውነት አይደለም እኮ" የሚለው ማብራሪያ ለትንንሾቹ ብዙም አይረዳም። እንደ ካንተር ጥናት ከሆነ በዚያ ዕድሜ የሚያጽናናው ማቀፍ፣ የሚጠጣ ነገር መስጠትና ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ነው። ማብራሪያው በማግስቱ ይደርሳል። ያን ጊዜም "ፊልሙን ወደድከው?" ከማለት "ማን አሳዘነህ?" ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።