ለጣና የበቃ ሁሉ ለውቅያኖስ አይበቃም

የጎጃም ደጋ ሰው ስለ ውቅያኖስ መርከብ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይታጣም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ የባሕር ጠረፍ ለመድረስ ስንት ተራራና ስንት በረሓ ማቋረጥ እንደሚያስፈልግ እኛም አናጣውም። ኢትዮጵያም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የሆነ ወደብ የላትም። ሆኖም የንግድ መርከቦቿ ዛሬም በውቅያኖስ ላይ ይመላለሳሉ፤ በባሕር ዳር ከተማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋምም የምሕንድስና ምሩቃንን እያሠለጠነ ለዓለም መርከቦች አብቅቷል። ስለዚህ ከደጀን ወይም ከቢቸና የወጣ ወጣት ነገ በአንድ መርከብ የሞተር ክፍል ቆሞ፣ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ «ይህ ባለሞተር መርከብ ለዚህ ጉዞ ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የሚሰጠውም መልስ የሰው ሕይወት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ጀልባ ሁሉ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» አይባልም፤ ለየትኛው ውሃ ጥሩ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል እንጂ። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1960 ዓ.ም. መጨረሻና በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ቡድን የዓባይን ሸለቆ በውሃ ላይ ለመጓዝ በተነሣ ጊዜ፣ ለወንዙ ሁሉ አንድ ዓይነት ጀልባ አልመረጠም። ከሸፈርታክ ድልድይ ወደ ሱዳን ጠረፍ ለሚወስደው ክፍል ሞተር የተገጠመላቸውን ጀልባዎች ሲጠቀም፣ ከጣና በታች ውሃው ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ለሚወረወርበት ክፍል ግን በነፋስ የሚነፉ የላስቲክ ጀልባዎችን አሰለፈ። ድንጋይ ሲመታው የሚታጠፈው ላስቲክ በዚያ ስፍራ ከጠንካራው ጀልባ ይሻል ነበርና ነው። ያም ሆኖ ጉዞው ያለ ሐዘን አላለፈም፤ አንድ የቡድኑ አባል በውሃ ተወስዶ ሞቷል።

በዚያው በ1961 ዓ.ም. ሌላ አስደናቂ ፈተና ተደረገ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ፈልጎ፣ ደንገሉን ያስቆረጠው ከእኛው ከጣና ሐይቅ ነበር። ጀልባዋን የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ስሟም «ራ» ተባለ። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሣች። ደንገል በባሕር ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ራ ግን ወደ ስምንት ሳምንት ገደማ ተንሳፍፋ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ፣ ባርቤዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሐምሌ 11 ቀን ሰዎቿ ጥለዋት ወጡ።

ምን ጎደላት? በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከጀልባው የኋላ ጫፍ ወደ መድረኩ የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ ለጌጥ ያህል የተሣለ መስሎ ስለታየ ራ ያለ እርሱ ተጓዘች። የገመዱ ሥራ ግን ኋላውን እንደ ደጋን ወጥሮ ከውሃ በላይ መያዝ ነበረ። እርሱ በመታጣቱ የጀልባዋ ኋላ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ማዕበሉ ይገባባት ጀመር። በዓመቱ፣ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ «ራ ሁለተኛ» ስሕተቱ ታርሞላት፣ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች ተሠርታ ከዚያው ከሳፊ ተነሣች፤ በ57 ቀን ውስጥም 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጣ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ስለ ደንገሉ ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች የተጨነቁት ስለ ዕቃው ነበር፤ ጀልባዋን የጣላት ግን ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ገመድ ሆነ። ዛሬም ባለሞተር የመዝናኛ መርከብ የሚገመግም ሰው የሚያብረቀርቀውን ቀለም፣ ሰፊውን ሳሎንና የሞተሩን የፈረስ ጉልበት አይቶ ይረካል። ውቅያኖስ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የነዳጅ ጉዳይ ነው። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ያለው ርቀት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመካከሉ ማደያ የለም። 6,000 ሊትር ናፍጣ የሚይዝ አንድ መርከብ አለ እንበል። በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 12 ሊትር ቢያቃጥል፣ ጉዞውን በ385 ሰዓት፣ ማለትም በ16 ቀን ይጨርሳል፤ 4,600 ሊትር ያህል አቃጥሎ 1,400 ሊትር ለክፉ ቀን ይተርፈዋል። ያው መርከብ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ልሂድ ብሎ 90 ሊትር ቢያቃጥል ግን 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነዳጁ አልቆ በባሕር መካከል ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ፍጥነት ሲጨመር ውሃው የሚያሳድረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ አብልጦ ስለሚያድግ፣ ውቅያኖስ የሚሻገሩ ትንንሽ መርከቦች አብዛኞቹ ዘገምተኞች ናቸው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ጭነቱ ወደ ላይ የተቆለለበት በቅሎ በዓባይ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚንገዳገድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፎቅ በፎቅ ላይ የተሠራለት መርከብ በወደብ ውስጥ ያምራል፤ ነገር ግን ክብደቱ ወደ ላይ ከሆነና ነፋስ የሚመታው ጎኑ ሰፊ ከሆነ ማዕበል ሲያጋድለው ተመልሶ ለመቃናት ይቸግረዋል። መስኮቶቹም ሰፊና ስስ ከሆኑ የውሃ ምት ይሰብራቸዋል። ማዕበል በመድረኩ ላይ ሲፈስ ውሃው ፈጥኖ የሚወጣበት በቂ ቀዳዳ መኖሩም መታየት አለበት።

ሦስተኛው፣ አንዱ ነገር ሲበላሽ ምን ይተካዋል የሚለው ጥያቄ ነው። በረጋ ወደብ በጋኑ ሥር ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ዝቃጭ መርከቡ በማዕበል ሲናጥ ተነሥቶ የናፍጣ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ሞተሩም በከፋው ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ማጣሪያ ሲጸዳ ሌላው እንዲሠራ ሁለት ማጣሪያ፣ መሪው ሲሰበር በእጅ የሚያዝ ሌላ መሪ፣ ከባሕረኞቹም መካከል ሞተር የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። በ1894 ዓ.ም. አባትና ልጅ «አቢኤል አቦት ሎው» በተባለች፣ ወደ 11 ሜትር ተኩል በምትረዝምና በላምባ በምትሠራ የሞተር ጀልባ ከኒውዮርክ ተነሥተው በ36 ቀን እንግሊዝ አገር ገብተዋል። ጀልባዋ ትንሽ ሳለች መሻገሯ የርዝመት ብቻ ነገር አለመሆኑን ያሳያል።

አራተኛው የምስክር ወረቀቱ ነው። በአውሮፓ ደንብ የመዝናኛ ጀልባዎች በአራት ማዕረግ ተከፍለዋል። «ኤ» የተባለው ከስምንተኛ ደረጃ ለሚበልጥ ነፋስና ከ4 ሜትር ለሚበልጥ ማዕበል የታሰበ ሲሆን፣ «ዲ» የተባለው ግን ማዕበሉ ከ30 ሳንቲ ሜትር ለማይበልጥ ውሃ ነው። ወጣት ሹማምንት ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ጀልባው በተሠራ ጊዜ ስለነበረው አቋም ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዛገው ብሎን፣ ስለተጨመረው ፎቅና ስላልተቀየረው ቱቦ ወረቀቱ አያውቅም። በወረቀት የሚፈርም ሰው ወደ ሞተር ክፍሉ ወርዶ በዐይኑ ማየት፣ ወይም የሚያምነውን ባለሙያ ማስወረድ ግዴታው ነው።

በጣና ላይ ባለታንኳው ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለሚያውቅ ማለዳ ይነሣል፤ ደንገሉ ውሃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቅ ሲመለስ ታንኳውን ከዳር አውጥቶ ያደርቃል። ታንኳው ለአትላንቲክ አይበቃም፤ የባለታንኳው ጥንቃቄ ግን ለአትላንቲክም ይበቃል። ዕቃውን፣ ውሃውንና ሰዓቱን አንድ ላይ ይመዝናልና። እንግዲህ ከተማሪዎቻችንና ከወጣት ሹማምንቶቻችን መካከል ስለ መርከብም ሆነ ስለ ሌላ መኪና ፍርድ ስጡ የሚባሉ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ውበት የሚነግራቸውን በጨዋነት ሰምተው፣ የት ሊሠራ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያቃጥል፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነው ሳይጠይቁ ብዕራቸውን ባያነሡ መልካም ነው።